መንታው ላይ የተገኘው ቅቤ

እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ያስጠናችኝ ከአቡነ ዘበሰማያት አስቀድማ ነው። እኔም ሳልማረው አልቀረሁም። ዛሬ ቡሌ ሆራ ላይ ሱቅ ገብቼ ዘይት ስገዛ ክዳኑን አገላብጬ ሳላይ አልወጣም፤ ፈተና ስፈትን ተማሪ ቢያስነጥስ ምልክት ነው ብዬ ዞር ዞር እላለሁ። እና ባለፈው ሰሞን ቤቴን ቀለም ለማስቀባት ዕቃ ሳወጣ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ የካኪ ከረጢት ጎተትኩ። ገና ሳልፈታው የቆየ ቅቤ ሸተተኝ። አይጥ ነው ብዬ መጥረጊያዬን ይዤ ተዘጋጀሁ። ስፈታው ግን የአባቴ ባቡር ነበር።

ከመዳፌ የማይበልጥ ጥቁር የባቡር ራስ፣ ፉርጎዎቹ፣ የተጠማዘዙ የሐዲድ ቁርጥራጮች። በመካከላቸው ያ ጉደኛ ቁራጭ አለ፤ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት፣ እኛ ልጆቹ «መንታው» የምንለው። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት። ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር።

ያደግኩት ነገሌ ቦረና ነው፣ ከካምፑ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር። አባቴ የጦሩ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበር። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ውጭ አገር ተልኮ ሲመለስ ጓደኞቹ ካፖርትና ቴፕ ሲያመጡ እሱ የመጫወቻ ባቡር ይዞ መጣ፤ ያኔ ልጅ እንኳ አልነበረውም። ነገሌ ላይ ደግሞ ባቡር በመጽሐፍ ካልሆነ የት ይታያል? መንግሥት ሲለወጥ፣ ጦሩ ሲበተን፣ ከካምፑ ይዞት የወጣው ይኼንኑ ከረጢት ነው። እናቴ ሽጉጥ ነው ብላ እስኪፈታው ድረስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጊዜው እንዲያ ነበር። ማን ምን እንደደበቀ፣ ማን ለማን እንደሚናገር ስለማይታወቅ ሰው ሰላምታውን ሳይቀር መጥኖ ነበር የሚሰጠው። እኛ የካምፕ ቤተሰቦች ደግሞ ከየአገሩ የተሰበሰብን ስለሆንን፣ እንኳን ከአገሬው እርስ በርሳችንም አንተማመንም ነበር።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ቢኒያም ተወለደ። ከድንጋጤው ይሁን ከምግቡ እንጃ፣ የእናቴ ጡት ነጠፈ። ቢኒ ቀን ከሌት ያለቅሳል። ከአጥራችን ማዶ ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ከብት ያላቸው ቦረና ይኖሩ ነበር፤ እናታቸው አኮ ቱሜ፣ አኮ አያት ማለት ነው፣ አብረዋቸው ነበሩ፤ የኦቦ ጃርሶ ልጅ ቦሩ ደግሞ እኩያዬ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ኦቦ ጃርሶ አንዲት ጥቁር ላም እየነዱ መጥተው ግቢያችን ውስጥ አሰሯት። «ጉራቲ ናት ስሟ፣ ልጁ ይጠጣ» ብለው ሄዱ። ደባሬ ይሉታል እነሱ፤ ላም ያለው ላም ለሌለው የምትታለብ ያውሳል፤ ወተቱ የተቀባዩ፣ ጥጃው የሰጪው ነው። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። እናቴን ይኼ አልዋጥ አላት። «ደግሞ ከእኛ ምን ሊፈልጉ ነው?» እያለች አባቴን ስትጨቀጭቀው ትዝ ይለኛል። ቢሆንም አለበች። ቢኒ ጠጣ፣ ጉንጩ ሞላ፣ እሷም ጥርጣሬዋን ለጊዜው ወደ ሌላ ሰው አዞረች።

አባቴ ሥራ ስለፈታ የሰፈሩን ሬዲዮ ቤት ውስጥ ይጠግን ጀመር። ሬዲዮ ባልመጣ ቀን ባቡሩን ይነካካል። ሁለት ባዶ የጥይት ሳጥኖች ላይ ጣውላ አጋድሞ ሐዲዱን በክብ ገጠመው፤ መንታው ጋ አንዱ መስመር ክቡን ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ጣውላው ጫፍ ይወጣል። መብራት በዚያ ዘመን ደስ ሲለው ስለሚመጣ ባቡሩ የሚሄደው በአሮጌ የመኪና ባትሪ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስሞላዋል። የብየዳ ጭሱ፣ የጋለው ሽቦ፣ በበሩ የሚገባው ቀይ አቧራ፣ ሁሉም ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የሰፈር ልጅ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ባቡሩ ዝዝዝ እያለ ይዞራል፣ መንታው ላይ ሲደርስ ቀጥ! እንደ ደነበረች አህያ። አባቴ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ይሄዳል፤ ዞሮ መጥቶ እዚያው ቦታ ቀጥ።

አባቴ አቧራ ነው አለ። ሐዲዱን በእኔ ላጲስ ፈተገው፣ የባቡሩን እግሮች አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገ። ትንሽ ተሻለው፣ ደግሞ ቆመ። የሐዲዶቹን መጋጠሚያ በፒንሳ አጠበቀ። ቆመ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ዓይን ነው» አለች። «የሰው ዓይን እንኳን ይኼን ድንጋይ ይሰነጥቃል። ሕዝቡን ሁሉ በመስኮት ስታሰልፍ!» እኔ ደግሞ ዓይን ከሆነ የማን ዓይን እንደሆነ ለማወቅ ቆርጬ ተነሳሁ። የመስኮቱን ልጆች አንድ በአንድ ስመረምር ሰንብቼ ጥርጣሬዬ ቦሩ ላይ አረፈ። ቦሩ ባቡሩን ሲያይ ዓይኑን አያርገበግብም፣ በእውነት! አፉን ከፍቶ መንታው ላይ ያፈጣል። ባቡሩም የሚቆመው እሱ ያፈጠጠበት ላይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

አባቴ ባትሪውን አስሞልቶ ባመጣበት ቀን ቦሩን በር ላይ አስቁሜ «ዛሬ አትገባም» አልኩት። ባቡሩ ተለቀቀ። እንደ ንፋስ መጥቶ መንታውን ዘለለው! ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ዘለለው። እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ስወጣ ቦሩ እዚያው ቆሟል። «እኔ ምን አረግኩት መሲ?» አለኝ። «አንተ ታውቃለህ» አልኩት። ዘወር ብሎ ሄደ። በማግስቱ ባትሪው ሲደክም ባቡሩ ያለ ቦሩም መንታው ላይ ቀጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያስብ ነበር። እኔ ግን «ቤቱ ሆኖ በአጥር እያየው ነው» ብዬ አረፍኩት።

ከዚያ አባቴ ሬዲዮ ሊጠግን ሻኪሶ ሄደ። እሱ በሌለበት አኮ ቱሜ በትራቸውን ተመርኩዘው ከቦሩ ጋር መጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ አማርኛ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። «አካም፣ ናጋ?» ይላሉ፣ እናቴ «ናጋ» ትላለች፣ የሁለቱ ጨዋታ እዚያ ላይ ያበቃል። ያን ቀን ግን ወደ ጣውላው ጠጋ ብለው ቦሩን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም በጣቱ መንታውን አሳያቸው። እናቴ ቢኒን ልታስተኛ ጓዳ ገባች፣ እኔን ጀሪካን አስይዛ ወደ ቦኖ ላከችኝ። ስመለስ እንግዶቹ የሉም። እናቴ ጣውላው አጠገብ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። መንታው ላይ፣ ልክ ባቡሩ በሚቆምበት ቦታ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ቅቤ ተለድፎ፣ በላዩ እርጥብ ሳር ተደርጎበታል።

እናቴ የጎጃም ሴት ናት። በእሷ አገር መንታ መንገድ ላይ የተጣለ ነገር አይነካም፣ አይረገጥም፤ መተት የሚጣለው እዚያ ነው ይባላል። ልጅ ሆና ከወንዝ ስትመለስ መንታ መንገድ ላይ የማታውቀው ነገር ካየች በእሾህ መሀል ዞራ ነበር የምታልፈው። አሁን መንታ መንገዱ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ቅቤና ሳሩ ልጇ ከሚተኛበት ጓዳ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። «ኧረ በስመአብ! መተት በቤቴ!» ብላ ስትጮህ ቢኒ ነቅቶ አብሯት ጮኸ። ግቢው መሀል ወጥታ ወደ እነ አኮ አጥር ዞረች፣ ያልተናገረችው የለም። «አወቅኩብሽ! በወተት አባብለሽ ልጄን ልትጨርሽው ነው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! አንቺ መተተኛ!» አጥሩ የጭራሮ ነበር፣ በወዲያ በኩል ሰው ሲያስል እንኳ ይሰማል። እኔ ቀሚሷን ጎተትኩ። «ተይኝ፣ አማርኛ አትሰማም» አለችኝ።

ከዚያ ቢኒን አዝላ የጉራቲን ገመድ ፈታች። እኔ ከኋላ እየነዳሁ ተከተልኩ። እነ አኮ በራፍ ስንደርስ ግን አንቱታዋ ተመለሰ። «አኮ፣ ላምዎን ይረከቡኝ፣ በቅቶናል» አለች። አኮ ቱሜ ገመዱን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለውን ቢኒን ረዘም አድርገው አዩት። «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለት ነው። ገመዱን ተቀበሉ፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም። «አየሻት?» አለችኝ እናቴ ስንመለስ። «ንጹሕ ሰው ቢሆን ለምን ብሎ ይጠይቃል!» እኔም ልክ ነሽ አልኩ።

ያን ምሽት ለቢኒ አጥሚት ቀረበለት። ተፋው። ስኳር ጨመረችበት፣ ተፋው። በማግስቱ አባቴ ከሻኪሶ ሲገባ ልጁ ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ዘግቷል። አባቴ ነገሩን ሰምቶ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ቆመ። «ላሟን መለስሽ? እዚህ አገር ደባሬ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዝምድናችሁ ይቅርብኝ ማለት ነው። ጃርሶ ለምን እንደመለስሽው ከሰማ እንኳን ላም ሊሰጠን፣ ናጋም አይለኝ!» እናቴ አንገቷን አቀርቅራ «ሂድና አምጣታ» አለች። «በምን ዓይኔ?» አለ አባቴ። የእሱን ድምፅ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ።

ቅቤውን ጠረገና ቴስተሩን አመጣ። እናቴ በዓይኗ እንድታይ ብሎ ነው እንጂ በዚያ ሰዓት ባቡር የሚታየው ሰው አልነበረም። የቴስተሩን አምፖል በሐዲዱ ላይ እያስነካ ሄደ፤ ትበራለች፣ ትበራለች፣ መንታው መሀል ስትደርስ ድርግም። «ይኸውልሽ መተቱ» አለ። ሐዲዶቹ የሚቆራረጡበት ቦታ እንዳይነካኩ ሠሪዎቹ ፕላስቲክ አድርገውበታል። ባቡሩ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በእግሩ ከብረቱ ነው፤ አጭር ስለሆነ እግሮቹ ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፉ የሚያገኘው ይቋረጣል። በኃይል ከመጣ በፍጥነቱ ያልፋል፣ ቀስ ካለ ይቆማል። «ቅቤው የመጣው ትናንት፤ ባቡሩ መቆም ከጀመረ ስንት ጊዜው! ቦሩ ባቡሩን እዚህ ጋ ያመዋል ብሏቸው፣ የሚያውቁትን አደረጉለት። ቅቤና እርጥብ ሳር እዚህ አገር ምርቃት ነው፣ አንቺ ሴትዮ!» እናቴ ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። «ምርቃት ከሆነ እኔ ጓዳ ስገባ ለምን?» አለች።

አባቴ ወደ ሥራው ዞረ። ከተበላሸ ሬዲዮ ስስ መዳብ ቆርጦ፣ በመጀመሪያው ፉርጎ ሥር በግራና በቀኝ የፉርጎውን የብረት እግሮች እንዲነካ አድርጎ አሰረው፤ ከዚያ ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ወደ ባቡሩ ራስ በየደ። ራሱ ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ፉርጎው ገና ብረቱ ላይ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ይልክለታል። ባትሪው ደካማ ነበር፣ ባቡሩ እያዘገመ መጣ። መንታው ጋ ሲደርስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። አለፈ። ዞሮ መጥቶ ደግሞ አለፈ። «ፉርጎው ደባሬ ሰጠው» አለ አባቴ፣ ሳይስቅ። እናቴ ተነስታ ቢኒ ወደሚያለቅስበት ጓዳ ገባች።

በነጋታው ጠዋት በር ተንኳኳ። ቦሩ ነው፣ የጉራቲን ገመድ ይዞ። «አኮ ናት የላከችኝ» ብሎ ገመዱን ለእናቴ ሰጥቶ ሮጠ። ጉራቲ ገና ከመግባቷ አፏን የውኃ ባልዲው ውስጥ ከተተች። ጨረሰችው። ሌላ ቀዳንላት፣ እሱንም ጨረሰች፤ ጀሪካኑ ተገልብጦ እስኪንጠፈጠፍ ጠጣች። ላም እንደዚያ ስትጠጣ አይቼ አላውቅም። «ምን አብልተዋት ነው?» አለች እናቴ በሹክሹክታ። ቢሆንም አለበች። ከዚያ ወተቱን ለቢኒ አልሰጠችም፤ በባዶ ሆዷ ራሷ ጠጣችና ልጁን እኔን አሳቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የሚሆነውን ልትጠብቅ ነው። ቢኒ እጄ ላይ ይንፈራገጣል፣ እኔ ዓይኔን ከእናቴ ፊት አልነቅልም፤ ትሞታለች ብዬ ፈርቼ። ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ወጣች። ምንም አልሆነችም። ያኔ ነው ቢኒ የጠጣው።

ከሰዓት በኋላ አኮ ቱሜ ራሳቸው መጡ። አባቴ ባቡሩን ለቀቀላቸው። መንታውን ሲያልፍ እንደ ልጅ አጨበጨቡ፣ አውራ ጣታቸውንም ለእናቴ አሳዩዋት፤ የቅቤው ሥራ ነው ማለታቸው ነው። አባቴም በኦሮምኛ «አዎ አኮ፣ ቅቤው ነው» አላቸው። ደስ ብሏቸው መንታው ጠርዝ ላይ ሌላ ቅቤ ነካ አደረጉበት፤ ያን እንኳ አባቴ አልጠረገውም። ከዚያ ቢኒን ተቀብለው መሀል ራሱን ቅቤ ቀቡት፣ ብዙ መረቁት። እናቴ «ገለቶማ» ብላ አመሰገነች፣ ከምታውቃት ጥቂት ኦሮምኛ አንዷን። ልጁን ነፋስ እንዳይመታው ብላም ይዛው ወደ ጓዳ ገባች። ከቦሩ ጋር እኔም ታረቅኩ፤ ባቡሩን ራሱ እንዲነዳ ፈቀድኩለት፣ ዓይኑን እንዲያርገበግብ ግን አስጠነቀቅኩት።

አባቴም አኮ ቱሜም ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ሐዋሳ ቢኒ ቤት ናት። ከረጢቱን ባገኘሁ በሳምንቱ ለፈተና ሥራ ነገሌ ተላክሁና ቦሩን ፈልጌ አገኘሁት፤ የእንስሳት መድኃኒት ይሸጣል፣ ሆድ አውጥቷል። ስለ ባቡሩ አንስተን ስንሳሳቅ ስለ ጉራቲ መመለስ ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። «ላሟን መልሳችኋት ነበር እንዴ?» አለኝ። «አኮ እኮ ላሟ ጨው ልትልስ ነው የመጣችው፣ ልሳ ስትጨርስ ትመለሳለች ነው ያለችን። ያንን ጥቁር የከብት ጨው ራሷ ነበር ያቀረበችላት። አባቴም እንደዚያው እንደመሰለው ነው የሞተው።»

ጠረጠርኩት፣ ሌላ ምን አውቃለሁ። ይሉኝታ ይዞት ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ባልዲው ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ውኃ። ጨው የላሰች ላም ካልሆነች ማን እንደዚያ ይጠጣል? «ግን አኮ ለምን እንደመለስናት በምን ያውቃሉ?» አልኩት። «አማርኛ አይሰሙም ነበር እኮ።» ቦሩ አሁን ከልቡ ሳቀ። «ማን? አኮ? ዕድሜዋን ሙሉ ለካምፑ ወተት ስትሸጥ ኖራ! ከእኔ በላይ ነበር የምትሰማው። መናገር ነው የማትወደው።»

ከቦሩ ሱቅ ወጥቼ በድሮው ሰፈራችን አለፍኩ። የጭራሮ አጥሩ የለም፤ ሁሉም በብሎኬት አጥሯል፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተክሏል። እኔም ቡሌ ሆራ እንደዚሁ ነኝ፤ ከአጥሬ ማዶ ማን እንደሚኖር ስሙን አላውቅም፣ እሱም የእኔን አያውቅም፣ እንጠራጠራለን፣ ዝም እንባባላለን። ያኔ እናቴ የጠረጠረችውን ጮኻ ተናገረች፤ የሰማችውም ሴት ላሟን ጨው አልሳ መለሰችላት። ዛሬ ብጮህስ በብሎኬቱ ማን ይሰማኛል? እዚያው መንገዱ ዳር ቆሜ ለእናቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ጨው ነው?» አለች።

«ጨው ነው።»

«የጮህኩትን ሰምተውኛል ማለት ነው።»

«ሰምተውሻል፣ እማዬ።»

«ቢኒን የቀቡትን ቅቤ እኮ» አለች፣ «ጓዳ ገብቼ በሳሙና አጠብኩት። እሳቸው ገና ከግቢ ሳይወጡ።»

ይኼን አላውቅም ነበር።

«አሁን ነገሌ ነሽ አይደል?» አለች። «ከነሱ ቤት ቅቤ ይዘሽልኝ ነይ። ከነሱው ቤት፣ ከሌላ እንዳታመጪ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ቢኒ ማታ ከሥራ ሲገባ ራሱን ልቀባው።»

ቢኒ ዛሬ መላጣ ነው፤ ቅቤ የሚይዝ ፀጉር የለውም። እሷም ታውቃለች። ዞሬ ወደ ቦሩ ሱቅ ተመለስኩ።